ምክንያቱን ማን ያስረዳ?

በዋሽንግተን የጠቅላይ ፍርድ ቤቱና የምክር ቤቱ ሕንፃዎች ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ በመካከላቸው ያለው አንድ ጎዳና ነው። ጁን 23 ቀን 2022 ጠዋት (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ዳኞቹ 6 ለ 3 ተከፍለው ኒው ዮርክ ከመቶ ዓመት በላይ ስትሠራበት የኖረችውን የሽጉጥ ሕግ ሻሩ። የዚያኑ ዕለት ማታ፣ ከጎዳናው ማዶ፣ ሴኔቱ 65 ለ 33 በሆነ ድምፅ የጦር መሣሪያ ሽያጭን ጠበቅ የሚያደርግ ሕግ አሳለፈ። ይህን የሚያህል የፌዴራል ሕግ ከወጣ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም ነበር። ከዚያ በፊት በነበሩት ስድስት ሳምንታት ውስጥ በበፈሎ ከተማ አንድ ሱፐርማርኬት ውስጥ 10 ሰዎች፣ በቴክሳሷ ዩቫልዲ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ደግሞ 19 ሕፃናትና 2 መምህራን ተገድለዋል። ሐዘኑ ገና ትኩስ ነው። አንዱ ሕንፃ ሲያጠብቅ ሌላው ሲያላላ ዋለ።

ጠዋት የተሻረው ሕግ መነሻው የ1911 ሕግ ነው። ሽጉጥ ታጥቆ ከቤቱ መውጣት የሚፈልግ የኒው ዮርክ ነዋሪ ለፈቃድ ሰጪው ሹም «በቂ ምክንያት» እንዲያቀርብ ያዝዛል። ሰፈሬ ያስፈራል፣ ማታ እሠራለሁ ማለት አይበቃም፤ ከሌላው ሰው የተለየ አደጋ እንዳለበት ማሳየት አለበት። ዳኛ ክላረንስ ቶማስ የጻፉት ውሳኔ ይህን ገለበጠው። ሰው ለመናገር ወይም ለማምለክ ሲነሣ «ለምን ፈለግህ?» ተብሎ ለሹም እንደማያስረዳ ሁሉ፣ ሕገ መንግሥቱ ያወቀለትን መሣሪያ ለመያዝም ማስረዳት የለበትም አሉ። ማስረዳት ያለበት መንግሥት ነው፤ ያውም ክልከላው ከአገሪቱ የቆየ የሕግ ታሪክ ጋር እንደሚስማማ እያሳየ።

ከእያንዳንዱ እልቂት በኋላ የሚነሣው ክርክር ብዙ መልክ አለው። አንዱ ስለ ጠመንጃው ዓይነት ይናገራል፤ ሌላው ስለ ጥይት ካዝናው፣ ስለ ገዢው ዕድሜ፣ ስለ አእምሮ ሕመም፣ ስለ ትምህርት ቤት በሮች። እኔ እንደማየው ግን ከሥሩ ያለው ጥያቄ አንድ ነው፤ ምክንያት ማቅረብ ያለበት ጠያቂው ነው ወይስ ከልካዩ? ይህን አስቀድሞ የወሰነ አገር ከእልቂቱ ማግሥት የሚያደርገውን ያውቃል። ያልወሰነ፣ ወይም በተቃራኒው የወሰነ አገር ደግሞ ሬሳ ባነሣ ቁጥር ክርክሩን ከሀ ይጀምራል።

ጠያቂው ያስረዳ ያለችውን አገር እንይ። ኤፕሪል 28 ቀን 1996 እሑድ ነበር። በታዝማኒያ ደሴት፣ ጥንት የእስረኞች ሰፈር በነበረው በፖርት አርተር፣ አንድ ወጣት ካፌ ገብቶ ምሳውን በላና ከሻንጣው ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ አወጣ። የዚያ ዕለት ተኩስ ሲያበቃ የሞቱት 35 ሆኑ። አውስትራሊያ ከዚያም በፊት እንዲህ ያለ ግድያ አይታለች፤ ጉባኤዎች ተቀምጠው፣ ሪፖርቶች ተጽፈው፣ ክልሎቹ ሳይስማሙ ቀርተው ነበር። በአገሪቱ ሕገ መንግሥት የጦር መሣሪያ ጉዳይ የክልሎች እንጂ የማዕከላዊው መንግሥት ሥልጣን አይደለም።

ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጆን ሃዋርድ ሥልጣን ከያዙ ሁለት ወር አልሞላቸውም። ወግ አጥባቂ ናቸው፤ ጥምር መንግሥታቸው የቆመው ጠመንጃ እንደ አካፋ ከጓዳ በማይጠፋበት የገጠር መራጭ ላይ ነው። ክልሎቹ እንቢ ካሉ ሥልጣኑን በሕዝበ ውሳኔ እንደሚወስዱ አስፈራሩ። ከፖርት አርተር በ12ኛው ቀን፣ ሜይ 10፣ ሁሉም ክልሎች በአንድ ስምምነት ላይ ደረሱ። ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃዎችና በፍጥነት የሚጎርሱ የአደን ጠመንጃዎች ከተራው ሰው እጅ እንዲወጡ ተወሰነ። የቀረው መሣሪያ ሁሉ እየተመዘገበ በቁልፍ ይቀመጣል፤ ገዢው 28 ቀን ይጠብቃል፤ ከሁሉ በፊት ደግሞ እውነተኛ ምክንያት ያቀርባል። አደን፣ የኢላማ ስፖርት፣ የእርሻ ሥራ ምክንያት ናቸው። ራስን መከላከል ግን ምክንያት አይደለም ተባለ። ከጠቅላላው ስምምነት ከባዱ ዐረፍተ ነገር ይህ ይመስለኛል፤ ጠመንጃን ከመብት ተራ አውጥቶ ከሥራ ዕቃ ተራ ያስገባው እሱ ነውና።

ቀጥሎ ገንዘቡ መጣ። የአውስትራሊያ ሕገ መንግሥት ማዕከላዊው መንግሥት የሰው ንብረት ሲወስድ ተገቢ ካሳ እንዲከፍል ያስገድዳል። ስለዚህ ለአንድ ዓመት ብቻ በጤና መድኅን መዋጮ ላይ ጭማሪ ተጣለ፤ ከ1.5 ወደ 1.7 በመቶ። በዚያ ገንዘብ ወደ 650 ሺህ ጠመንጃ ተገዝቶ ተደመሰሰ። መሣሪያ ያልነበረው ሰው ሁሉ ከደመወዙ ከፈለ ማለት ነው። ስለዚህ አገር ሲወራ ይህ ነጥብ ይረሳል። አውስትራሊያውያን ጠመንጃቸውን እንዲሁ አልተነጠቁም፤ ጎረቤቶቻቸው ገዙት።

ነገሩ እንደሚወራውም ለስላሳ አልነበረም። ሃዋርድ በቪክቶሪያ ክልል ሴል በምትባል ከተማ በሺህ ለሚቆጠሩ የተቆጡ ባለጠመንጃዎች ሲናገሩ ከኮታቸው ሥር ጥይት መከላከያ ለብሰው ነበር፤ ሰደርያው በካሜራ ታየ፤ ኋላም ማድረጌ ስሕተት ነበር አሉ። የገጠሩ ፓርቲ መሪና ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቲም ፊሸር የገዛ መራጮቻቸውን ቁጣ ችለው ሕጉን ደገፉ። ሒሳቡ ከሁለት ዓመት በኋላ መጣ። በ1998ቱ የኩዊንስላንድ ምርጫ ዋን ኔሽን የተባለው አዲስ ፓርቲ 11 መቀመጫ ጠራርጎ ወሰደ፤ ከቁጣው ምንጮች አንዱ ጠመንጃው ነበር። ያም ሆኖ ሕጉ ጸና።

ሠራ ወይ? በ2016 የወጣ አንድ ጥናት እንደቆጠረው ከሕጉ በፊት በነበሩት 18 ዓመታት አምስትና ከዚያ በላይ ሰው የሞተባቸው 13 ተኩሶች ነበሩ፤ ከሕጉ በኋላ እስከ ጥናቱ ጊዜ ድረስ አንድም አልነበረም። እነዚያው ተመራማሪዎች ግን በጠመንጃ የሚሞተው ሰው ቁጥር ከሕጉ በፊትም እየቀነሰ እንደነበር፣ ከጠመንጃ ውጭ ያለው ግድያና ራስን ማጥፋትም አብሮ እንደወረደ አልደበቁም። ስለዚህ ቅነሳው ሁሉ የሕጉ ውጤት ነው ማለት አልቻሉም። በ2018 ደግሞ በምዕራብ አውስትራሊያ ኦስሚንግተን ውስጥ አንድ አያት በፈቃድ በያዙት መሣሪያ ስድስት የቤተሰባቸውን አባላት ገድለው ራሳቸውን ገደሉ። ያ ክልል በ2024 አዲስ ሕግ አውጥቶ አንድ ሰው ሊይዝ የሚችለውን ጠመንጃ ብዛት ወሰነ፤ ለአዳኝ 5፣ ለገበሬና ለኢላማ ተወዳዳሪ 10። በ1996 የታሰበው አገር አቀፍ መዝገብም ተጓትቶ ተጓትቶ በ2023 መጨረሻ ላይ ነው እንዲሠራ ስምምነት የተደረሰበት። አሥራ ሁለት ቀን የፈጀው መስማማቱ ነው። መፈጸሙ ትውልድ ወሰደ።

ብሪታንያ በዚያው ዓመት፣ ከፖርት አርተር ስድስት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ በስኮትላንዷ ደንብሌን 16 ሕፃናትና መምህርታቸውን ቀብራ ነበር። ወላጆች ፊርማ አሰባሰቡ፤ በዓመት ከምናምን ጊዜ ውስጥ ሽጉጥ ከግል እጅ ሙሉ በሙሉ ሊባል በሚችል ደረጃ ወጣ። የአገሪቱ የሽጉጥ ኢላማ ተወዳዳሪዎች ሳይቀሩ ልምምዳቸውን ውጭ አገር ሄደው ለማድረግ ተገደዱ። ነገር ግን ሕግ ሲጠብቅ ኃላፊነቱ ወደ ጸሐፊው ጠረጴዛ ይዞራል። በ2021 በፕሊመዝ አምስት ሰው የገደለው ወጣት ፖሊስ ቀደም ሲል ሰው ስለደበደበ ጠመንጃውን ወስዶበት ነበር። ከግድያው ጥቂት ሳምንታት በፊት ያው ፖሊስ መለሰለት። ጠያቂው ምክንያት ያቅርብ ማለት ምክንያቱን በጥንቃቄ የሚያነብ ሰው ይኑር ማለትም ነው።

ኒውዚላንድ ላይ ደግሞ ሌላ ጉድለት ታየ። ማርች 15 ቀን 2019 በክራይስትቸርች ሁለት መስጊዶች 51 ምእመናን ተገደሉ። ፓርላማው በአንድ ወር ባልሞላ ጊዜ 119 ለ 1 በሆነ ድምፅ ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃዎችን ከለከለ። መሣሪያዎቹን ለመግዛት ሲነሣ ግን ስንት እንዳሉ የሚያውቅ አልነበረም። አገሪቱ ሰውየውን እንጂ አብዛኛውን ጠመንጃ አትመዘግብም ነበር፤ ፈቃድ ያለው ሰው አንድ ይያዝ አርባ የሚታወቅበት መንገድ የለም። መዝገቡ የተከፈተው በ2023 ነው።

የኢትዮጵያ አንባቢ እዚህ ላይ የራሱን አገር ማሰቡ አይቀርም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 በመርሑ ከእነዚህ አገሮች ወገን ነው፤ መነሻው ክልከላ ሲሆን መያዝ በፈቃድ ነው። በሬ ሸጦ ምንሽር የገዛ ሰው ልጆች አዋጁን እንዴት እንደሚያዩት ሌላ ወሬ ነው፤ እሱ የራሱ መጽሐፍ ያስፈልገዋል።

አሁን ወደ አሜሪካ እንመለስ። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ የሚኖረው በርካታ ሀበሻ ይህን ክርክር ድልድይ በተሻገረ ቁጥር ያልፈዋል። በቨርጂኒያ ዳርቻ ሽጉጥን በግልጽ ለመታጠቅ ፈቃድ አይጠየቅም፤ የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ ዋሽንግተን ሲገባ ግን እያንዳንዱ መሣሪያ በፖሊስ መመዝገብ አለበት። ዋሽንግተን ከ1976 ጀምሮ ሽጉጥን ጭራሽ ከልክላ ነበር። ክሱን ያቀረበው ዲክ ሄለር የጥበቃ ሠራተኛ ነው፤ ቀን በሥራው ላይ ሽጉጥ ይታጠቃል፣ ማታ ቤቱ ማኖር ግን አይችልም። በ2008 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ 4 ፈረደለት። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት የ1791ዱ ሁለተኛው ማሻሻያ ስለ ሚሊሻ የሚያወሳ አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ መሣሪያ መያዝ የተራው ሰው የግል መብት መሆኑ በፍርድ ቤቱ በግልጽ የተነገረው ያን ጊዜ ነው። ያው ውሳኔ መብቱ ወሰን የሌለው አይደለም ይላል፤ ወሰኑ የት ነው የሚለው ግን እስካሁን የጠበቆች እንጀራ ነው።

ጠመንጃው ደግሞ ብዙ ነው። በስዊዘርላንድ የሚገኘው የአነስተኛ የጦር መሣሪያዎች ጥናት ተቋም በ2018 ባወጣው ግምት በአሜሪካ ሲቪሎች እጅ ወደ 393 ሚሊዮን ጠመንጃና ሽጉጥ አለ፤ ከሕዝቡ ቁጥር ይበልጣል። ግምት የሆነው መዝገብ ስለሌለ ነው። የሌለውም በስንፍና አይደለም። የ1986 ሕግ የፌዴራል መንግሥቱ የባለመሣሪያዎች መዝገብ እንዳያቋቁም ይከለክላል፤ መዝገብ የነጠቃ ዋዜማ ነው ብለው የሚሰጉ ሰዎች ያሸነፉበት ሕግ ነው። እና ከአንድ ግድያ ቦታ ጠመንጃ ሲነሣ መርማሪው ምን ያደርጋል? ቁጥሩን ወደ ማርቲንስበርግ፣ ዌስት ቨርጂኒያ ይልካል። እዚያ ያሉ ሠራተኞች ፋብሪካውን ይጠይቃሉ፤ ፋብሪካው አከፋፋዩን፣ አከፋፋዩ ሱቁን ይጠቁማል፤ ሱቁ ገዢው የሞላውን ቅጽ ይፈልጋል። ሱቁ ከተዘጋ ወረቀቱ በካርቶን ታሽጎ እዚያው ማርቲንስበርግ ይገኛል። ወረቀቶቹ በፎቶ መልክ ኮምፒዩተር ውስጥ ይገባሉ፤ በገዢው ስም መፈለግ ግን አይፈቀድም። በሃያ አንደኛው ክፍለ ዘመን፣ ጨረቃ ላይ ሰው ባወጣ አገር፣ ሰው ቁጭ ብሎ ገጽ በገጽ ያያል።

ከሱቅ የሚገዛ ሰው ስሙ ይጣራል፤ ወንጀለኛ ወይም በፍርድ ቤት የታገደ መሆኑ ይታያል። ማጣራቱ በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ ካላለቀ ግን ሻጩ መሸጥ ይችላል። እዚህም አስረጂው ማን እንደሆነ ልብ ይሏል፤ መንግሥት ከዘገየ ጥርጣሬው ለገዢው ይተረጎማል። በ2015 በቻርለስተን ቤተ ክርስቲያን ለጸሎት የተሰበሰቡ ዘጠኝ ጥቁር ምእመናንን የገደለው ሰው ሽጉጡን ያገኘው በዚህ መንገድ ነው። ከግለሰብ የሚገዛ ሰው ደግሞ በፌዴራሉ ሕግ ማጣሪያም የለበትም፤ አንዳንድ ክልሎች በራሳቸው ሕግ ይጠይቃሉ፣ ሌሎች አይጠይቁም።

ይህን የመጨረሻውን ክፍተት ለመዝጋት ትልቁ ሙከራ የተደረገው ከሳንዲ ሁክ በኋላ ነው። ዲሴምበር 14 ቀን 2012 በኮኔቲከት 20 ሕፃናትና 6 አዋቂዎች ትምህርት ቤታቸው ውስጥ ተገደሉ። ብዙ ሰው ይህ ካልለወጣት አሜሪካን የሚለውጣት የለም አለ። በኤፕሪል 2013 አንድ ዲሞክራትና አንድ ሪፐብሊካን፣ ሁለቱም ከጠመንጃ ወዳጆች ወገን የሚቆጠሩ፣ በጠመንጃ ትርኢትና በኢንተርኔት የሚሸጥ መሣሪያ ሁሉ ማጣሪያ ይኑረው የሚል ረቂቅ አቀረቡ። 54 ሴናተሮች ደገፉት፣ 46 ተቃወሙት። ረቂቁ ወደቀ፤ በሴኔቱ ደንብ 60 ድምፅ ያስፈልገው ነበርና። ሰውም ሕግ አውጪዎቹን አልጠበቀም፤ እልቂቱ በደረሰበት በዚያው ወር ከ2.7 ሚሊዮን በላይ የገዢ ማጣሪያ ተካሄደ፤ እስከዚያ ጊዜ ድረስ የዚያን ያህል የታየበት ወር አልነበረም። ከግድያ በኋላ ክልከላ ይመጣል ብሎ የሚሰጋ ሰው ሳይዘጋ ልድረስ ብሎ ወደ ሱቅ ይሮጣል። የቁጥጥር ወሬ በራሱ ጠመንጃ ይሸጣል።

ዋሽንግተን ስትቆም ክልሎች ይሄዳሉ፤ ግን ወዴት? ተመራማሪው ማይክል ሉካና ሁለት ባልደረቦቹ በ2020 ባሳተሙት ጥናት፣ የጅምላ ግድያ በደረሰበት ክልል ምክር ቤት የሚቀርበው የጦር መሣሪያ ረቂቅ ብዛት በ15 በመቶ ይጨምራል። እስከዚህ የሚጠበቅ ነው። ሪፐብሊካኖች በያዟቸው ምክር ቤቶች ግን መሣሪያን የሚያላሉ ሕጎች በ75 በመቶ ይጨምራሉ። የሚያጠብቁት ላይ ዲሞክራቶች በያዟቸው ምክር ቤቶች የታየ ጉልህ ለውጥ የለም። ቴክሳስ በ2019 በኤል ፓሶ 23 ሰው ከሞተባት በኋላ፣ በ2021፣ ሽጉጥ ያለ ፈቃድ መታጠቅን ፈቀደች። አመክንዮው ለደጋፊው ግልጽ ነው፤ ገዳዩ ሕግ አያከብርም፣ ስለዚህ ሕግ አክባሪውን አስታጥቀው። ይህ አመክንዮ በዩቫልዲ የደረሰበትን ያየ ሰው ግን ዝም ብሎ ሊቀበለው ይከብደዋል። በዚያ ትምህርት ቤት 376 የታጠቁ የጸጥታ ሰዎች ተሰብስበው ነበር፤ የ18 ዓመቱን ገዳይ ለመጣል 77 ደቂቃ ፈጀባቸው። ልጁ ሁለቱን ጠመንጃዎች የገዛው 18 ዓመት በሞላው ማግሥት ባሉት ቀናት፣ በሕጋዊ መንገድ ነው። ሽጉጥ ከሱቅ ሊገዛ ቢፈልግ ኖሮ 21 እስኪሞላው ጠብቅ ይባል ነበር።

ለዚህ ሥዕል አልመች ያለችው ፍሎሪዳ ናት። ሪፐብሊካን ምክር ቤት፣ ሪፐብሊካን አገረ ገዢ፣ ጠመንጃ የሚወደድባት። በፌብሩዋሪ 2018 በፓርክላንድ 17 ሰዎች ከተገደሉ ገና ወር ሳይሞላ፣ ከሞት የተረፉት ተማሪዎች ምክር ቤቱን አጥለቅልቀውት፣ የመግዣውን ዕድሜ ወደ 21 ከፍ ያደረገና አደገኛ የሆነን ሰው መሣሪያ በዳኛ ትእዛዝ ለጊዜው ማንሣት የሚያስችል ሕግ ወጣ። በዚያው ሕግ ውስጥ የትምህርት ቤት ሠራተኞችን የማስታጠቅ መርሐ ግብርም ተካቷል። በ2023 ያችው ፍሎሪዳ ሽጉጥን ያለ ፈቃድ ደብቆ መያዝ ፈቀደች።

የባለመሣሪያዎችን ወገን የነጋዴ ሎቢ ብቻ አድርጎ ማየት ቀላል ነው፤ ትክክል ግን አይመስለኝም። በኒው ዮርኩ ክስ ከከሳሾቹ ጎን የቆሙትን ሲያዩ ይገረማሉ። በብሮንክስና በብሩክሊን ለድሆች በነፃ የሚሟገቱ የመከላከያ ጠበቆች ነበሩበት። ክርክራቸው ይህ ነው፤ ምክንያት አቅርብ የሚለውን ሕግ የሚያስፈጽመው ሹም ነው፤ ሹሙ ፊት ደግሞ ሁሉ እኩል አይደለም። ባለሀብቱ ፈቃድ ያገኛል፤ ያላገኘው ጥቁርና ላቲኖ ወጣት ደግሞ ሽጉጥ ስለያዘ ብቻ ይታሰራል። ታሪክም አላቸው። ማርቲን ሉተር ኪንግ በ1956 በሞንትጎመሪ ቤታቸው በቦምብ ከተመታ በኋላ ሽጉጥ ለመያዝ ፈቃድ ጠይቀው ተከልክለዋል። እንግዲህ የኪንግ ምክንያት በቂ ካልሆነ የማን ምክንያት በቂ ይሆናል? በአንድ ፊርማ ጉዳዩ የተበላሸበት ባለጉዳይ፣ ቢሮ ደጅ የጠና ሁሉ፣ ይህን ሥጋት ያውቀዋል። የአውስትራሊያ መንገድ የሚያስኬደው ሰው ፈቃድ ሰጪውን ሲያምን ነው።

አሁን ወደማይመቸው ቁጥር። በ2023 በአሜሪካ በጥይት የሞቱት ወደ 46,700 ናቸው። ከእነዚህ ከ27 ሺህ በላይ የሚሆኑት ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው። ወደ 18 ሺህ የሚጠጉት ተገድለዋል፤ አብዛኞቹም አንድ አንድ ሆነው፣ በሽጉጥ፣ ካሜራ በማይደርስበት ሰፈር። የጅምላ ግድያ ድርሻ ጥቂት ነው፤ ስንት እንደሆነም ቆጣሪው ይለያያል። ገዳዩን ሳይጨምር አራት ሰው ከተመታ ይቆጠር ካልን ከ2020 እስከ 2023 በየዓመቱ ከ600 በላይ ደርሷል። በአደባባይ አራት ሰው ከሞተ ብቻ ይቆጠር ካልን ቁጥሩ በዓመት በጣት የሚቆጠር ይሆናል። ተከራካሪዎቹ ሁለቱንም ቁጥር እንደሚስማማቸው ይመዛሉ።

ለዚህ ነው እልቂት መጥፎ የሕግ መምህር ነው የምለው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፣ ሕጉ ያለፈውን ጅብ ዱካ እየተከተለ ይሰፋል። በ2017 በላስ ቬጋስ ከሆቴል መስኮት ከሺህ በላይ ጥይት የተኮሰው ሰው ባምፕ ስቶክ የሚባል ሰደፍ ተጠቅሞ ነበር፤ የጠመንጃውን ርግጫ ተጠቅሞ ቃታውን ከጣት ጋር ደጋግሞ የሚያገናኝ መሣሪያ ነው። ከዚያ በፊት ስሙን የሰማ ጥቂት ነው። የትራምፕ መንግሥት በ2018 በደንብ ከለከለው። በ2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ክልከላውን ሻረ፤ የቃታን አሠራር በሥዕል ጭምር እያብራራ፣ ባምፕ ስቶክ ጠመንጃውን ሕጉ እንደሚተረጉመው መትረየስ አያደርገውም አለ። ለአንዲት ዕቃ ሰባት ዓመት ሙግት። በዚህ መካከል ከሁሉ ብዙ ሰው የሚገድለው ነገር፣ አንድ ተስፋ የቆረጠ ሰው በአንድ ክፉ ምሽት መሳቢያው ውስጥ የሚያገኘው ሽጉጥ፣ የዜና ርእስ ሳይሆን ቀረ። ያው ሉካና ባልደረቦቹ በ2017 ባወጡት ሌላ ጥናት ሽጉጥ ገዢን ጥቂት ቀን የሚያስጠብቅ ሕግ በጠመንጃ የሚፈጸም ግድያን ወደ 17 በመቶ እንደሚቀንስ፣ ራስን ማጥፋትንም እንደሚያሳንስ አሳይተዋል። ጥበቃ ለሰልፍ መፈክር አይመችም። ማንንም ሳይነጥቅ፣ ማንንም ሳያስጠይቅ ግን ይሠራል።

ሴኔቱ በዚያች የጁን ማታ ላሳለፈው ሕግም ተመሳሳይ ፍርድ እሰጣለሁ። ከ21 ዓመት በታች ያለ ገዢ የልጅነት መዝገቡ እንዲታይ አደረገ፤ የፍቅር ጓደኛውን ደብድቦ የተፈረደበት ሰው መሣሪያ እንዳይገዛ ክፍተቱን አጠበበ፤ ለክልሎች ገንዘብ ሰጠ። ዩቫልዲን የሚያህል ሐዘን ላይ ትንሽ ይመስላል። ትንሽነቱ ግን አሜሪካ በመረጠችው መንገድ ላይ ስለቆመ ነው፤ ሁሉም ሰው መብት አለው ከተባለ፣ የቀረው እነማን መብቱን አጥተዋል የሚለውን በጥንቃቄ መለየት ነው። ፍርድ ቤቱ ራሱ በ2024 ይህን በር ክፍት ተወ። በፍርድ ቤት ትእዛዝ ከቀድሞ ፍቅረኛው እንዳይደርስ የታገደ ሰው መሣሪያ መያዝ ይከለከል ወይ በሚለው ጉዳይ ስምንቱ ዳኞች ይከለከል ሲሉ፣ የተቃወሙት ቶማስ ብቻ ነበሩ።

በዚህ መንገድ ላይ አሁን ትልቁ ሥራ ያለው፣ አንድ ሰው አደገኛ ስለመሆኑ ምክንያቱን ለዳኛ የሚያቀርበው ማን ነው በሚለው ላይ ነው። ሜይን የአዳኞች ክልል ናት፤ እንደ ፍሎሪዳ ያለ ሕግ አልፈለገችም። በ2019 ያወጣችው ሕግ ፖሊስ ብቻ እንዲያመለክት፣ ያውም ሰውየውን ይዞ በሕክምና ባለሙያ ካስመረመረ በኋላ እንዲሆን ያዝዝ ነበር። ኦክቶበር 25 ቀን 2023 በሉዊስተን ከተማ አንድ የጦር ሠራዊት ተጠባባቂ በቦውሊንግ አዳራሽና በመጠጥ ቤት 18 ሰዎች ገደለ። ቤተሰቡ ወራት ቀደም ብለው ለፖሊስ ተናግረው ነበር፤ የሠራዊት ጓደኞቹም አስጠንቅቀው ነበር። ፖሊስ ቤቱ ሄዶ አንኳኳ፤ ሰውየው አልከፈተም፤ ጉዳዩ በዚያው ቀረ። አጣሪው ኮሚሽን ፖሊስ ሕጉን ለመጠቀም በቂ ምክንያት ነበረው ብሎ ደመደመ። በኖቬምበር 2025 የሜይን መራጮች በሕዝበ ውሳኔ አዲስ ሕግ አጸደቁ። ከእንግዲህ እናት ስለ ልጇ፣ ሚስት ስለ ባሏ፣ በፖሊስ በኩል ሳያልፉ ራሳቸው ዳኛ ፊት ቀርበው ማመልከት ይችላሉ።